ኮምፒውተሩ አላረጀም፣ ሸክሙ ነው የከበደው

(ባለፈው ቅዳሜ ለኮምፒውተር መምህራንና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከቅጂው ላይ እንዳለ ነው የጻፍኩት፤ የቀነስኩት ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ ነው።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አረፈዳችሁ?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ልጆች፣ በዚህ ዝናብ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እዚያ ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ከፊት ወንበር አለ፤ ኑ ቁጭ በሉ። የማሳያችሁ ነገር ትንሽ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም።

ይሄ ነው። ታያላችሁ? ከደብተር ብዙም አይበልጥም። ኔትቡክ የሚባል ትንሽ ላፕቶፕ ነው። እህቴ ከቨርጂንያ በሰው እጅ የላከችልኝ ነው። ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር፣ ማለትም የማሽኑ አንጎል፣ ኢንቴል አቶም ኤን 270 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ። ራሙ 1 ጊጋባይት ብቻ። የ"ኤም" ፊደል ቁልፉ ላይ ያለው ጽሑፍ ተፍቋል። ባትሪው 20 ደቂቃ ቢይዝ ነው።

እስቲ እጃችሁን አውጡ። ቤታችሁ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ላይ ወይ አልጋ ስር፣ "ይሄ ኮምፒውተር አርጅቷል" ተብሎ የተቀመጠ ማሽን ያለው ሰው አለ? ... አያችሁ? ከግማሽ በላይ ናችሁ። መምህራን ደግሞ በትምህርት ቤታችሁ ስቶር ውስጥ ስንት እንዳለ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ዛሬ ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ እነዚህ ማሽኖች ለምን እንደተንቀራፈፉ። ቀጥሎ በቅርብ ዓመታት ስለወጣ አንድ ቀላል ሊኑክስ፤ ሊኑክስ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር የሚያሠራ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ሦስተኛው ስለ አማርኛችን ነው። ብዙ የምቆየው ሦስተኛው ላይ ነው፤ የመጣሁትም ለእሱ ነው።

እንግዲህ አንደኛው።

አበው "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" ይላሉ። እኛ ኮምፒውተር ላይ የምናደርገው ግን ተገላቢጦሹን ነው። ዳውላውን ማንም አይነካውም። የምንወቅሰው አህያውን ነው። ሁለት ኩንታል ጭነን፣ መሄድ ሲያቅተው "አረጀ" እንላለን። እውነት አርጅቶ ነው? ከ15 ዓመት በፊት ጽሑፍ ይጻፍበት ነበር፣ ደብዳቤ ይላክበት ነበር፣ ሂሳብ ይሠራበት ነበር። ፕሮሰሰሩ ያኔ በነበረው ፍጥነት ዛሬም ይሠራል። የተለወጠው የተጫነበት ነው።

ራም ማለት የልብስ ሰፊ ጠረጴዛ በሉት። ሃርድ ዲስኩ ደግሞ መደርደሪያው ነው። ጠረጴዛው ላይ ቦታ ካለ ሰፊው ጨርቁን ዘርግቶ ይሠራል። ጠረጴዛው ከሞላ ግን አንዱን ጨርቅ አጥፎ ወደ መደርደሪያ ይመልሳል፣ ሌላውን ያወርዳል፣ እንደገና ይመልሳል። ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ይውላል፤ አንድ ሱሪ አይወጣውም። ኮምፒውተራችሁ ሀንግ አደረገ የምትሉት፣ ያቺ የሃርድ ዲስክ መብራት ሳትቋረጥ የምትበራው፣ ይሄ ምልልስ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አበቃ። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። የሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮችም ተቆጥረው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ምንም ያልነካው፣ ትናንት ሲሠራ ያመሸ ላፕቶፕ፣ ጠዋት "አይመጥንም" ይባላል። ልብ በሉ፤ ማሽኑ ላይ የተበላሸ ነገር የለም!

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሳስታውሰው ዛሬም ይቆጨኛል። ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ጥገና ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አንድ አባት ላፕቶፕ በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ለልጃቸው ከሰው የገዙት ነው። ልጅቷ የመመረቂያ ጽሑፏን እየጻፈችበት ነበር። አየሁት፤ ራሙ 1 ጊጋባይት ነው፣ ዊንዶውሱ ተጨናንቋል። "አባባ፣ ይሄ አይሆንም፤ ሌላ ይግዙላት" አልኳቸው። አንዴ አዩኝ። ምንም አላሉም። ፌስታሉን መልሰው ጠቅልለው ወጡ። ሊኑክስ የሚባል ነገር መኖሩን አውቅ ነበር እኮ! ግን ለሰው የሚሰጥ አልመሰለኝም። ከዚያ ወዲያ "አይሆንም" ከማለቴ በፊት ሁልጊዜ አንድ ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ እሰካለሁ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ።

ሊኑክስ አንድ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ተማሪ የጀመረው ከርነል ነው፤ ከርነል ማለት ማሽኑንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው እምብርት ነው። በእሱ ላይ ሌላው ሰው የየራሱን እየጨመረ የተለያየ ዓይነት ይሠራል። ከባድ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ ቀላል አለ።

ከቀላሎቹ አንዱ ዳም ስሞል ሊኑክስ ይባላል። ጆን አንድሩስ የሚባል ሰው ነው የጀመረው። ለራሱ አንድ ጥብቅ ሕግ አወጣ፤ ሁሉም ነገር ከ50 ሜጋባይት አያልፍም አለ። ለምን 50? ያኔ የቢዝነስ ካርድ መጠን ያላት ትንሽ ሲዲ ነበረች፤ እሷ ላይ እንዲገባ ነው። በዚያች 50 ሜጋባይት ውስጥ ዴስክቶፕ አለ፣ ብሮውዘር አለ፣ መጻፊያ አለ፣ ሙዚቃ ማጫወቻ አለ። 16 ሜጋባይት ራም ባለው፣ 486 በሚባለው እጅግ የቆየ ኮምፒውተር ላይ ሳይቀር ይነሳ ነበር። 16 ጊጋባይት አላልኩም፤ 16 ሜጋባይት! ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለ አንድ አፕ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. ከ2008 በኋላ ሥራው ቆመ። ዓመታት አለፉ። ብዙ ሰው ሞቷል ብሎ ረሳው። ከዚያ በ2024 መጀመሪያ ላይ ያው ሰው አዲስ እትም ይዞ ተመለሰ። መጠኑ ግን 50 አይደለም፤ 700 ሜጋባይት ነው። አንድ መደበኛ ሲዲ የሚይዘው ያህል። ገና የሙከራ እትም ነው፤ እሱም አልደበቀውም።

"ከ50 ወደ 700? ታዲያ ምኑን ቀለለ?" ትሉኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የዛሬ ብሮውዘር ብቻውን 50 ሜጋባይት አይበቃውም። የዛሬ ከርነል ከነድራይቨሮቹ አይበቃውም። ኢንተርኔቱ ራሱ ከበደ። ሰውየው ያደረገው ምንድን ነው? ዘመኑ ቢለወጥም አንድ ድንበር አበጀ። ከ700 አናልፍም አለ። ድንበር ሲኖር እያንዳንዱን ፕሮግራም "አንተ ለምን ትገባለህ?" ብለህ ትጠይቃለህ። ለመጻፍ አቢወርድ ገባ፤ ለሰንጠረዥ ጂኑመሪክ ገባ። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፣ ሁለቱም ሥራቸውን ያውቃሉ። ለእኔ ቀላል ሶፍትዌር ማለት ይሄ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሚገባውንና የማይገባውን የለየበት ማለት ነው።

ይሄ አዲሱ እትም ከባዶ አልተነሳም። የተሠራው አንቲክስ በሚባል ሌላ ሊኑክስ ላይ ነው። አንቲክስ ግሪክ አገር የተጀመረ ነው፤ ለአሮጌ ኮምፒውተር ተብሎ ለዓመታት ሲሠራ የቆየ። "23" የሚባለው እትሙ በዴቢያን 12 ላይ ቆሟል፤ ዴቢያን ሌሎች ብዙ ሊኑክሶች የሚሠሩበት ትልቅ ሊኑክስ ነው። አሁን በዚህች ኔትቡክ ላይ ያለው ይሄ አንቲክስ ነው። ተነስቶ ዝም ሲል ከ1 ጊጋባይቱ ውስጥ 170 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚይዘው። ጠረጴዛው ሰፊ ነው ማለት ነው። ልብስ ሰፊው ይሠራል።

መምህራን፣ አሁን የምለውን በተለይ እናንተ ያዙልኝ። ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዴቢያን 13 ወጣ። በዚህ እትም ባለ 32 ቢት፣ ማለትም የቆየ ዓይነት ፕሮሰሰር ባለው፣ ኮምፒውተር ላይ አዲስ መጫን ቀረ። ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስና ዘመዶቹ ከዚያ በፊት ትተውታል። ጉግል ክሮም ለ32 ቢት ሊኑክስ መውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ይቺ የኔ ኔትቡክ 32 ቢት ብቻ ነች። በሩ እየጠበበ ነው ማለት ነው። በዴቢያን 12 ላይ የቆሙት ግን አሉ፤ የእሱ ረጅም ድጋፍ እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ታቅዷል። ጊዜ አለን፤ ብዙ ግን አይደለም።

ስለዚህ ስቶር ገብታችሁ ማሽኖቹን ለዩ። 64 ቢት የሆነውን ለብቻ፣ 32 ቢት የሆነውን ለብቻ። 64 ቢት ከሆነና 2 ወይም 4 ጊጋ ራም ካለው ምርጫችሁ ሰፊ ነው፤ የኡቡንቱ ዘመድ የሆነው ሉቡንቱም ይሆናል፣ የአንቲክስ 64 ቢቱም ይሆናል። 32 ቢቱን በአንቲክስ አንሱት። አንድም ማሽን ሳትሞክሩ አትጣሉ።

የማይሆነውንም ልንገራችሁ፤ ሰው ቃል ተገብቶለት ሲቀርበት ያዝናል። በዚህች ማሽን ዩቲዩብ በደንብ አይታይም። የቪዲዮ ስብሰባ አይሆንም። ፌስቡክ ይከፈታል፣ ግን ያንቀራፍፋል። መጻፍ ይሆናል። ፒዲኤፍ ማንበብ ይሆናል። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ይሆናል። ሂሳብ መሥራት ይሆናል። ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋታል?

አሁን ወደ ሦስተኛው መጣሁ።

ቅድም አዲሱ ዳም ስሞል 700 ሜጋባይት ውስጥ ገባ አልኳችሁ። እንዴት ገባ? አዘጋጁ ራሱ የቀነሰውን ዘርዝሮ ጽፎታል። የፕሮግራሞች ማብራሪያ ወጣ። መመሪያ ወጣ። ሌላስ ምን ወጣ? ቋንቋ። ጥቂት የአውሮፓ ቋንቋዎች ብቻ ቀሩ። ሌላው ወጣ። አማርኛም አብሮ ወጣ።

ሰውየውን እየወቀስኩት አይደለም። የወጣውን መልሶ የሚያስገባ ትእዛዝ አብሮ አስቀምጧል፤ የጎደለውን ከዴቢያን ማከማቻ ማውረድም ይቻላል። በነፃ ነው የሚሠራው፤ ላመሰግነው ነው የሚገባኝ። ግን ጥያቄው ልቤን ይነካኛል። ዕቃ ሲበዛ፣ "ምን እንቀንስ?" ሲባል፣ መጀመሪያ የሚወጣው የማን ነው? በሥራው ላይ የሌለ ሰው ዕቃ ነው የሚወጣው። ቤት ስትለውጡ አስቡት። ዕቃው ሲታሰር እዚያ የሌለው ልጅ ሳጥን ነው የሚቀረው።

የጎረቤቴ ልጅ አምስተኛ ክፍል ነች። ባለፈው ክረምት ይቺን ኔትቡክ ገና ጭኜ እንደጨረስኩ ነው። የአካባቢ ሳይንስ ደብተሯን ይዛ መጣች። "ጋሼ፣ ልጻፍበት?" አለችኝ። እሷ እስክትደርስ ማስታወሻዬን ከስልኬ በፍላሽ ገልብጬ ነበር፤ ከፈትኩላት። ስክሪኑ ላይ የወጣው ምንድን ነው? ሳጥን። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን። መስመሩ ሁሉ ባዶ ሳጥን። ልጅቷ ትንሽ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ "ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ አማርኛ አይችልም እንዴ?" አለችኝ።

አይችልም እንዴ! በጣም ነው ያዘንኩት። ምክንያቱም ይችላል። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ለዓለም ፊደላት በወጣው የጋራ ኮድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የራሱ ኮድ ነበረው፤ አንዱ የጻፈው ሌላው ጋ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ዕድሜያችሁ ከኔ የሚቀራረብ ታስታውሱታላችሁ። ያ ችግር ተፈትቷል። ጽሑፉ ማሽኑ ውስጥ በትክክል ተቀምጧል። የጎደለው መልኩ ነው፤ ፎንቱ። አቢሲኒካ የሚባል ፎንት በዴቢያን ማከማቻ ውስጥ በነፃ አለ። የእጅ ጽሕፈታችንን ወግ የጠበቀ፣ የሚያምር ፊደል ነው። መጠኑ ስንት ነው? በስልካችሁ ካነሳችሁት አንድ ፎቶ ያንሳል! አንድ ፎቶ! 700 ሜጋባይት ውስጥ አይገባም ነበር ወይ?

ስልኬን ሆትስፖት አድርጌ አወረድኩት። አንድ ደቂቃም አልፈጀ። ቀጥሎ ለመጻፊያ ኤም 17 ኤን የሚባለውን ከነ"ሴራ" አጻጻፉ ጫንኩ። በእንግሊዝኛ ኪቦርድ የሰማኸውን ድምፅ ትመታለህ፣ ፊደሉ ይወጣል። ኤስንና ኢን ስትመታ "ሰ" ይሆናል። ከዚያ "በይ ጻፊ" አልኳት።

በአንድ ጣቷ ቀስ እያለች ጻፈች። "ህይወት ያላቸው ነገሮች" አለ ስክሪኑ። ደስ ይላታል ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ደብተሯን አየች፣ ስክሪኑን አየች። "ጋሼ፣ ትክክል አይደለም። መጽሐፉ ላይ በሐመሩ ሐ ነው" አለችኝ። አያችሁልኝ? ከአምስት ደቂቃ በፊት ኮምፒውተሩ አማርኛ ይችላል ወይ ብላ የጠየቀች ልጅ ነች። አሁን ፊደሉን ታርመዋለች! "ሺፍቱን ይዘሽ ኤችን ምቺ" አልኳት። መታች። "ሕ" ብቅ አለች። "ሕይወት"። ያኔ ሳቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የማድረገውን ልንገራችሁ። አንቲክስ የራሱን ቅጂ የሚያወጣ መሣሪያ አብሮት ይመጣል፤ ስናፕሾት ይባላል። አንድ ማሽን ላይ የምትፈልገውን አስተካክለህ ትጭናለህ፣ የማትፈልገውን ትቀንሳለህ። ከዚያ እንዳለ ወደ አንድ ፋይል ይቀይርልሃል። ያንን ፋይል ፍላሽ ላይ ትጭናለህ። ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትሰካ፣ ያስተካከልከው ሁሉ እንዳለ ይነሳል። ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ። ያለ ኢንተርኔት። ፓኬጅ መግዛት የለም። አንዱ ያወረደውን ሃምሳ ትምህርት ቤት ይገለብጠዋል።

እኔ ያዘጋጀሁት ቅጂ ውስጥ አቢሲኒካ ፎንት አለ። የአማርኛ መጻፊያው አለ። አቢወርድ አለ። ልጆች የማይጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች አውጥቻለሁ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ላይ ቆምኩ፤ እናንተን የምለምነውም እዚህ ላይ ነው።

ሜኑው ነው። ብዙው አሁንም እንግሊዝኛ ነው። ልተርጉም ብዬ ጀመርኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ማሽኑን መዝጋት "አጥፋ" አልኩት። ፋይል መደምሰስስ? እሱም "አጥፋ" ነው! አንድ ልጅ ማሽኑን አጠፋሁ ብሎ የቤት ሥራውን ቢያጠፋስ? እሺ፣ ፋይሉን "ሰርዝ" ልበለው አልኩ። ግን "ካንስል" የሚለውስ? እሱም "ሰርዝ" ይባላል። መስኮቱን መዝጋት "ዝጋ" ነው፤ ሰው ግን ኮምፒውተሩንም "ዝጋው" ይላል። ሦስት ቀን በአራት ቃል ላይ ቆየሁ። ይሄ የጥገና ባለሙያ ሥራ አይደለም። ይሄ የመምህር ሥራ ነው። ልጆቹ የትኛውን ቃል ሲሰሙ የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫኑ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የአንቲክስን ቃላት በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚተረጉሙት። ትራንዚፈክስ በሚባል ድረ ገጽ ላይ ማንም ገብቶ መሥራት ይችላል። ደመወዝ የለውም፤ የሚከለክልም የለም። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባል የለ? ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከሃምሳ በላይ ነን። አንድ ሰው አሥር አሥር ቃል ቢይዝ ስንት ይሆናል? አማርኛ አዋቂዎች አላችሁ፣ ኮምፒውተር አዋቂዎች አላችሁ። አሜሪካና እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችሁንም ጠይቁ። ልጆቻቸው አማርኛ እንዲጽፉ የሚጨነቁ ብዙ ናቸው፤ ፍላሹ ለነሱም ይሆናል። ቀጣዩ እትም ሲወጣ፣ "ምን እንቀንስ?" ሲባል፣ እኛ እዚያ እንኑር። በሥራው ላይ እንኑር!

ጊዜዬ አልቋል መሰለኝ፤ ሻዩም ደርሷል። በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ 20 ፍላሽ አለ፤ ሁሉም ላይ ቅጂው ተጭኗል። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ውሰዱ፤ ገልብጣችሁ ለጎረቤት ትምህርት ቤት ስጡ። ኮምፒውተሩን ስታበሩ ኤፍ 12ን ወይም ኤስኬፕን ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ምረጡ። ከፍላሾቹ ጎን አራት ቃል የተጻፈበት ወረቀት አለ፤ ክሎዝ፣ ካንስል፣ ዲሊት፣ ሻት ዳውን። ከእያንዳንዱ አንጻር ልጆቻችሁ የሚገባቸውን የአማርኛ ቃል ጻፉልኝ። እስክሪብቶ አስቀምጫለሁ። አባቶችና እናቶችም ጻፉ፤ ኮምፒውተር ነክታችሁ የማታውቁም ጻፉ። እኔ ከዚህች ኔትቡክ ጋር እዚያው ጠረጴዛው ጋ ነኝ።